ስለ አጓጓዥ ምድጃ ታሪክና ስለ ጥገናው ቃላት

የሳይንስና የቴክኒክ ቃላትን በአማርኛ የመሰየም ሥራ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታሰቡት የፊዚክስ፥ የኬሚስትሪና የሕክምና ስያሜዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በየዳቦ ቤቱና በየምግብ ቤቱ ከሚገቡት መሣሪያዎች ጋር የሚመጡት የአጠቃቀምና የጥገና መመሪያዎች ለተርጓሚው የሚያቀርቡለት ችግር ከእነዚያ የሚያንስ አይደለም። የፊዚክስ ቃል ቢሳሳት ተማሪ ይደናገራል፤ የጥገና ቃል ቢሳሳት ግን እጅ ይቃጠላል፥ ጣት በሰንሰለት ይያዛል፥ ወይም ጋዝ ያመልጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከነዚሁ መሣሪያዎች አንዱን፥ ማለትም ምግቡን በሚጓዝ የሽቦ መረብ ላይ አሳልፎ የሚያበስለውን ምድጃ ነው። አስቀድመን የመሣሪያውን ታሪክ እናስታውሳለን፤ ቀጥለንም ክፍሎቹና የጥገናው ተግባሮች በአማርኛ ምን ሊባሉ እንደሚገባ እንመረምራለን። ከምርመራው የደረስንበት አሳብ ይህ ነው፤ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ቃል ሲፈለግ ግእዝንና ጋራዥን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ወጥ ቤቱም ሊጠየቅ ይገባዋል።

፩. የቆዩት ስሞች

ምድጃ በመጀመሪያ ትርጕሙ እሳት የሚነድበትና ጕልቻ የሚቀመጥበት የቤት ውስጥ ስፍራ ነው። ስፍራ እንጂ ዕቃ አልነበረም። የከሰል፥ የጋዝና የኤሌክትሪክ ማብሰያዎች በተከታታይ በገቡ ጊዜ ግን ቃሉ ያለ አንዳች ዐዋጅ ከስፍራ ወደ ዕቃ ተሻገረ። ዛሬ «የኤሌክትሪክ ምድጃ» ሲባል የሚደናገር ሰው የለም።

እቶን ከግእዝ የወረስነው ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ናቡከደነፆር ሦስቱን ወጣቶች ያስጣለበት እቶነ እሳት ስለ ሆነ፥ በአንባቢው ኅሊና ከቅጣትና ከብርቱ ነበልባል ጋር ተያይዞ ይኖራል። ቃሉ በዚያው መጽሐፍ የአራማይክ ክፍል አቱን፥ ከዚያም በቀደመው በአካድኛ ኡቱኑ ተብሎ ይገኛል፤ የጡብና የሸክላ ማቃጠያን ስም ይዞ የመጣ ጥንታዊ ቃል ነው። ለብረት ማቅለጫ፥ ለሲሚንቶና ለጡብ ፋብሪካ ሲውል ይስማማል፤ ዳቦ ለሚጋገርበት ዕቃ ግን ይከብዳል።

ሦስተኛው ፉርኖ ነው። የላቲኑ ፉርኑስ ልጅ የሆነው የጣልያንኛው ፎርኖ የመጋገሪያው ስም ነው። በእኛ ከተሞች ቃሉ ከመጋገሪያው ወደ ተጋገረው አዘንብሎ «ፉርኖ ዳቦ» ተባለ፤ ቈይቶም «ፉርኖ» ብቻ የዳቦው ዓይነት መጠሪያ ሆነ። ደንበኛው በየቀኑ ያየው ዳቦውን እንጂ ምድጃውን አልነበረምና፥ ስሙን ለሚያየው ነገር ሰጠው። በዚህ ምክንያት ፉርኖ ዛሬ ለመሣሪያው ስም ቢሆን አሻሚ ይሆናል።

ከእነዚህ ሦስቱ ለመሣሪያችን መነሻ ሊሆን የሚችለው ምድጃ ነው። ሰፊ ነው፤ ቅጽል ይቀበላል፤ አዲስ ነገር ለመሸከምም ከዚህ ቀደም ተፈትኖ አልፏል።

፪. የመሣሪያው ታሪክ

የጥንቱ የዳቦ ምድጃ በየዙሩ የሚሠራ ነበር። እሳት በውስጡ ይነድዳል፤ ግድግዳው ሲግል ፍሙ ተጠርጎ ይወጣል፤ ሊጡ ይገባል፤ ሲበስል ይወጣል፤ ከዚያም እንደ ገና ይነድዳል። በሩ በተከፈተ ቍጥር ሙቀት ይባክናል፤ የሚጋገረውም መጠን በምድጃው ስፋት የተወሰነ ነው። ከዚህ አሠራር ለመውጣት የመጀመሪያው ግፊት የመጣው ለረዥም ጕዞ ስንቅ ከሚሆነው ደረቅ ብስኩት ነው። ብስኩት ቀጭን፥ ደረቅና አንድ ዓይነት መልክ ያለው በመሆኑ ለማሽን ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በእንግሊዝ አገር በጎስፖርት የባሕር ኃይል ስንቅ ማደራጃ፥ ቶማስ ግራንት የተባለው ሹም ሊጥ ማቡካቱንና መቍረጡን በእንፋሎት ኃይል አሠራው። በሬዲንግ ከተማም ጆርጅ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1841 ከሀንትሊ ቤት ጋር ሽርክና ገብቶ፥ በ1846 በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ የብስኩት ፋብሪካ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1851 ደግሞ ኤንጅየር ማርች ፐርኪንስ በታሸጉ የብረት ቱቦዎች የሚሞቅ ምድጃ አስመዘገበ። የቱቦው አንድ ጫፍ በእሳቱ ውስጥ፥ ሌላው በመጋገሪያው ውስጥ ስለሚሆን፥ በቱቦው የታሸገው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሙቀቱን ያደርሳል፤ እሳቱና ዳቦውም ተለያዩ።

እሳቱ ከመጋገሪያው ከወጣ በኋላ የመጋገሪያው ወለል ሊንቀሳቀስ ቻለ። በ19ኛው ምዕት ዓመት በብስኩት ፋብሪካዎች ሊጡ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሰንሰለት እየተሳበ በሌላው ጫፍ በስሎ የሚወጣባቸው ረዣዥም ምድጃዎች ሥራ ላይ ዋሉ። እንግሊዞች በጊዜው «ትራቭሊንግ አቨን» አሏቸው፤ ቃል በቃል «የሚጓዝ ምድጃ» ማለት ነው። የሚጓዘው ግን ምድጃው ሳይሆን ሊጡ ነበር።

መሣሪያው ከፋብሪካ ወደ ምግብ ቤት የወረደው በ20ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ምክንያቱም የአሜሪካ የፒዛ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በኢፕሲላንቲ ከተማ የተጀመረው ዶሚኖስ የተሰኘው ድርጅት ፒዛን በደንበኛው ደጅ የማድረስን ንግድ አስፋፋ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ አደርሳለሁ የሚለውን ተስፋውንም በአሜሪካ እስከ 1993 አቆየ። ደቂቃ የምትቈጠርበት ንግድ በሰው ዐይን ግምት የሚሠራ ምድጃን ሊታገሥ አልቻለም። በ1970ዎቹ ዶናልድ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ሞቃት አየርን በጠባብ ቀዳዳዎች አስገድዶ በቀጥታ ወደ ምግቡ የሚነፋ ዘዴ አበጀ። በምግቡ ዙሪያ ተለጥፎ የሚቀር ስስና ቀዝቃዛ የአየር ሽፋን አለ፤ ይህ ሽፋን ሙቀቱን ይከለክላል። በኃይል የተነፋው አየር ሽፋኑን ይገፋዋል፤ ምግቡም በፍጥነት ይበስላል። በ1980ዎቹ ይህን ዘዴ ከተጓዥ መረብ ጋር ያዋሐዱ ምድጃዎች በገበያ ላይ ተስፋፉ። ከሠሪዎቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1888 በሺካጎ የተቋቋመው ሚድልቢ ማርሻልና የፎርት ዌይኑ ሊንከን ይገኙበታል።

ሙቀትን ከላይና ከታች የማውረዱ አሳብ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ ከሥር እሳት፥ ከክዳኑ በላይ ደግሞ ፍም ተደርጎለት ሲጋገር ኖሯል። አዲሱ ነገር አየሩ መነፋቱና ምግቡ መጓዙ ነው። በእንዲህ ያለው ምድጃ ፒዛ በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፥ እንደ ሊጡ ውፍረት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበስላል። ሠራተኛው የሚወስነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሙቀቱን መጠንና የመረቡን ፍጥነት።

ከዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ለውጥ ልብ ሊባል ይገባል። በጥንቱ ምድጃ ጋጋሪው የመሣሪያውን ጕድለት በዐይኑና በእጁ ያቃናው ነበር፤ አንዱ ወገን የሚያሳርር እንደ ሆነ ዳቦውን ያዞረዋል፤ ያልበሰለውን ያቈየዋል። በአጓጓዡ ምድጃ ግን ቀዳዳዎቹ በፍርፋሪ ከተደፈኑ ወይም ማራገቢያው ከደከመ የቀኑ ሥራ በሙሉ እኩል ይበላሻል። ጥበቡ ከጋጋሪው ወደ ጠጋኙ ተዛውሯል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ ዘንድ የጥገናው መጽሐፍ የሙያው መጽሐፍ ሆኗል ማለት ነው።

፫. ስለ መሣሪያውና ስለ ክፍሎቹ ስያሜ

«ተጓዥ ምድጃ» የሚለው ስም፥ ከላይ እንዳየነው፥ የእንግሊዝኛውን ስሕተት ይወርሳል፤ አንባቢውም በመንኰራኩር የሚገፋ ምድጃ ሊመስለው ይችላል። «ባለቀበቶ ምድጃ» ቀበቶን ከወገብ ላይ ፈትቶ ያመጣ የቃል በቃል ትርጕም ነው። እኛ የምንመርጠው «አጓጓዥ ምድጃ» የሚለውን ነው፤ የማጓጓዙን ሥራ ለምድጃው፥ ጕዞውን ለምግቡ ይሰጣልና።

መንኰራኩር ያልነው ቃል ራሱ ትምህርት አለው። በግእዝ የሠረገላ እግር ነበረ፤ የዘመኑ አማርኛ ግን ለጠፈር ጕዞ አውሎታል። ስለዚህ የመረቡን ሰንሰለት የሚያዞረውን ጥርስ ያለውን ክብ ብረት «ጥርሳም መንኰራኩር» ብንለው የዛሬ አንባቢ አሳቡ ወደ ሰማይ ይወጣበታል። «ባለጥርስ መዘውር» ይሻላል። ከግእዝ መውሰድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቃሉ በመካከሉ የሄደበትን መንገድ ሳያዩ መውሰድ ያሳስታል።

የጋራዡ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ሀብት ነው። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው ወረራ፥ ከዚያም በፊትና በኋላ በአሥመራና በሌሎች ከተሞች ከጣልያን መካኒኮች ጋር በተደረገው ግንኙነት የገቡት ብሎን፥ ዳዶ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ኩሽኔታ፥ ቺንጊያና ግራሶ ዛሬ የሙያተኛው የራሱ ቃላት ናቸው። ኩሽኔታ በመነሻው «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍበት ነውና። ይህን ቃል ትተን «የዘንግ ማረፊያ» ብንል ለሰዋስው ባለሙያ ግልጽ ሊሆን ይችላል፤ መፍቻ ይዞ ለቆመው ሰው ግን እንግዳ ነው። ሙያተኛው ያለውን ቃል ትርጕም በመስጠት መመዝገብ እንጂ መንጠቅ አይገባም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጠቃሚ ልዩነት እናገኛለን። በእንግሊዝኛው መመሪያ «ቤልት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ ማራገቢያውን የሚያዞረውን የጎማ ጥብጣብና ምግቡን የሚሸከመውን ከሽቦ የተሠራ ወለል። ሁለቱም «ቀበቶ» ተብለው ቢተረጐሙ «ቀበቶውን አጥብቅ» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። ጋራዡ ለመጀመሪያው ቺንጊያ የሚል ቃል አለው። ለሁለተኛው «ተጓዥ መረብ» እንላለን። ጣልያኖች በበኩላቸው የመጋገሪያውን ወለል «ናስትሮ» ማለትም ጥብጣብ፥ የሞተሩን «ቺንጊያ» ብለው ለያይተውታል።

አየሩን የሚነፉት ቀዳዳማ ሣጥኖች በእንግሊዝኛ «ጣቶች» ይባላሉ። ይህን ያለ ፍርሃት መቀበል ይቻላል፤ አማርኛ የመርፌን ዐይን፥ የጣሳን ጆሮ፥ የመጋዝን ጥርስ ሲጠራ የኖረ ቋንቋ ነውና «የአየር ጣት» በባሕርዩ ውስጥ የሚገባ ነው። ነፊውን መሣሪያ «ማራገቢያ» ማለት ይበቃል፤ ወናፍ ግን ለአንጥረኛው ይቈይለት።

፬. ጥገና ምንድን ነው?

ጠገነ የሚለው ግሥ የተሰበረ አጥንትን ማሰርና ማቃናትን ይጨምራል፤ ወጌሻ ይጠግናል። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ ስብራት አስቀድሞ አለ። የዚህ ምድጃ መመሪያ አብዛኛው ክፍል ግን ከስብራት በፊት ስለሚደረገው ነገር ነው። በየቀኑ የፍርፋሪ መቀበያዎቹን መድፋት፥ የማቀዝቀዣ ማራገቢያውን መግቢያ ከዱቄትና ከአቧራ ማጽዳት፤ በየጊዜው መረቡንና የአየር ጣቶቹን አውጥቶ ማጠብ፥ የሰንሰለቱን ጥብቀት መመልከት፤ ከዚያም በባለሙያ እጅ ቺንጊያውን፥ ኩሽኔታዎቹንና ሙቀት ለኪውን መመርመር፥ የጋዝ መገጣጠሚያዎችን በሳሙና አረፋ መፈተን። እነዚህን ሁሉ «ጥገና» ብሎ የሚያነብ የምድጃ ባለቤት «ገና አልተበላሸም» ብሎ ቢተዋቸው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ቃሉም አግዞታል። ጋራዡ ልዩነቱን ስለ ተረዳ «ሰርቪስ» የሚለውን ቃል ተውሶ ከጥገና ለይቶታል። በጽሑፍ ግን ከብልሽት በፊት ላለው «እንክብካቤ»፥ ከብልሽት በኋላ ላለው «ጥገና» ብንል ሁለቱም በቦታቸው ይውላሉ።

ወጥ ቤቱ ደግሞ ለዚህ እንክብካቤ የራሱ ቃላት ነበሩት። አዲስ ምጣድ ወይም ጀበና እንደ ተገዛ ሥራ ላይ አይውልም፤ በመጀመሪያ ይሟሻል። አዲስ አጓጓዥ ምድጃም ምግብ ሳይገባበት ለተወሰነ ጊዜ ይግላል፤ የፋብሪካው ቅባትና ሽታ እንዲወጣለት። ይህን ተግባር «ቅድመ አጠቃቀም የማሞቅ ሂደት» እያሉ ማስረዘም ለምን ያስፈልጋል? ማሟሸት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ የሆነች ጋጋሪ ሁሉ ትረዳዋለች፤ ለምን እንደሚደረግም ጭምር ታውቃለች።

ማጽዳትም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛው መመሪያ በአንድ ግሥ የሚያልፈውን ወጥ ቤታችን መጥረግ፥ መወልወልና ማጠብ ብሎ ይለየዋል። ፍርፋሪ ይጠረጋል፤ የመቈጣጠሪያው ሣጥን በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ የወጡት የአየር ጣቶች ይታጠባሉ። ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል «አጽዳ» ብሎ መጻፍ ውሃ ለሚደፋው እጅ ፈቃድ መስጠት ነው። ተርጓሚው ቋንቋው የሰጠውን ልዩነት እንዳይጠቀም የምንጩ ቃል ድህነት ሊያስገድደው አይገባም።

ሁሉም የወጥ ቤት ቃል ግን ያለ ምርመራ አይወሰድም። ምጣድ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ማሰስ ከማጽዳት ጋር ቅባት መስጠትንም ይይዛል። ተጓዡ መረብ ቅባት ሲነካው ስለሚጨስ «መረቡን አስስ» ማለት ስሕተት ይሆናል። ቀባ የሚለውም ቀለምን፥ ዘይትንና ግራሶን አንድ ላይ ስለሚይዝ በምን እንደሚቀባ ሳይነገር መጻፍ የለበትም፤ በተለይም ሙቀት የሚችል ግራሶ በሚፈለግበት፥ አንዳንዱ ኩሽኔታም ታሽጎ የተሠራና ጭራሽ ግራሶ የማይሻ በሆነበት መሣሪያ። «አጥብቅ» የሚለውም እንዲሁ ወሰን ይፈልጋል፤ የላላ ሰንሰለት ከጥርሱ ላይ ይዘላል፥ ከመጠን በላይ የጠበቀ ደግሞ ሞተሩንና ኩሽኔታውን ይበላል።

፭. «ማጥፋት» የሚለው ቃል አደጋ

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን አጠፋ የሚለው ግሥ ነው። ቃሉ ከእሳት ጋር የኖረ ነው። እሳት ሲጠፋ ያልቃል፤ የጠፋ እሳት አያቃጥልም። ኤሌክትሪክ በገባ ጊዜ ይኸው ግሥ ወደ መብራቱ ተሻግሮ ቍልፉን «ማብሪያ ማጥፊያ» አልነው። እስከዚህ ድረስ ጕዳት አልነበረውም። በአጓጓዥ ምድጃ ዘንድ ግን «ከማጽዳትህ በፊት ምድጃውን አጥፋ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሦስት የተለያዩ ተግባሮችን ይደባልቃል።

አንደኛው ሙቀት ሰጪውን ማቆም ነው። ሁለተኛው ምድጃው እስኪበርድ ድረስ ማራገቢያው እንዲሠራ መተው ነው፤ በግለቱ ሳለ ኃይሉ በድንገት ቢቋረጥ በውስጡ የቀረው ሙቀት ወደ ሞተሩ፥ ወደ ኩሽኔታዎቹና ወደ መቈጣጠሪያው ዘልቆ ይጎዳቸዋል። ሦስተኛው ምድጃው ከበረደ በኋላ ዋናውን የኤሌክትሪክ መስመር ማቋረጥ፥ ጋዙንም መዝጋት፥ ሠራተኛው እጁን በሚያስገባበት ጊዜ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው መቈለፍ ነው። ማጥፊያውን ብቻ የነካ ሰው «አጠፋሁ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን መስመሩ ሕያው ነው፤ በሌላው ሰው አንድ ጣት መረቡ ሊነሣ ይችላል።

ይህን የመሰለውን ልዩነት ወጥ ቤቱ ያውቀው ነበር። ማታ እሳት ሁልጊዜ አይጠፋም፤ በዐመድ ይዳፈናል። የተዳፈነ እሳት ለሚያየው የሞተ ይመስላል፤ ጧት ግን ረመጡ ተገልጦ ይቀጣጠላል። ልጆችም ከምድጃው የሚከለከሉት እሳቱ ስለሚታይ ብቻ ሳይሆን የማይታይ ረመጥ ስላለም ነው። ማጥፊያው ተነክቶ መስመሩ ያልተቋረጠ ምድጃ የተዳፈነ እንጂ የጠፋ አይደለም። ለሠራተኞች በሚሰጠው ማብራሪያ ይህን ቃል መጠቀም ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ያስረዳል ብለን እናምናለን።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን እነዚህ ቃላት ለቴክኒክ መዝገበ ቃላት ያንሳሉ፥ የጭቃ ምጣድን ቋንቋ ለብረት ማሽን ማልበስ ነው ሊሉ ይችላሉ። መልሳችን ምድጃ ራሱ ነው፤ የአፈር ስፍራ ስም ሆኖ ሳለ የኤሌክትሪክን ዕቃ ተሸክሟል። ደግሞም የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ይህ መሣሪያ ገና በገበያ አልነበረም፤ ማሟሸት፥ ማብረድና መዳፈን ግን በየቤቱ ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከእንግሊዝኛው ቃል ተነሥቶ አማርኛውን ይሰጣል፤ መንገዱ ተገቢ ነው። ከዚህ በተቃራኒው፥ ከአማርኛው ተግባር ተነሥቶ መሣሪያውን የሚጠይቅ ሁለተኛ መንገድ ቢጨመርበት ግን ሥራው ይሟላል።

፮. የቀረቡት ቃላት

ለውይይት እንዲሆኑ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

አጓጓዥ ምድጃ፤ ምግብን በተጓዥ መረብ አሳልፎ በሚነፋ ሙቀት የሚያበስል መሣሪያ።
ተጓዥ መረብ፤ ምግቡን የሚሸከም ከሽቦ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ወለል።
ቺንጊያ፤ የሞተርን ኃይል ወደ ማራገቢያ የሚያደርስ የጎማ ጥብጣብ።
ባለጥርስ መዘውር፤ የመረቡን ሰንሰለት የሚስብ ክብ ብረት።
የአየር ጣት፤ ሞቃት አየርን በቀዳዳዎቹ ወደ ምግቡ የሚነፋ ሣጥን።
ማሟሸት፤ አዲስ ምድጃን ከሥራ በፊት ያለ ምግብ ማጋል።
እንክብካቤ፤ ብልሽት እንዳይደርስ በየጊዜው የሚደረግ ሥራ።
ጥገና፤ ከብልሽት በኋላ የሚደረግ ማቃናት።
ማጥፋት፤ ሙቀት ሰጪውን ማቆም ብቻ።
ማብረድ፤ ማራገቢያው እየሠራ ምድጃው እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ።
ማቋረጥ፤ ዋናውን መስመር ለይቶ መቈለፍ።

የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በማናቸውም መመሪያ በዚሁ ቅደም ተከተል እንዲጻፉ እናሳስባለን። ሌሎቹን ተርጓሚዎች ቢያሻሽሏቸው ደስ ይለናል፤ እነዚህ ሦስቱ ግን እንዳይደባለቁ አደራ እንላለን። ቃላቱን የሚሰበስቡ ባልደረቦቻችንም ከመካኒኩ ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ፥ ማለዳ ምድጃ ከሚያሟሽቱትና ማታ ከሚያበርዱት ሠራተኞች አንደበት እንዲመዘግቡ እንጠይቃለን።